አምስተኛው ሩብ

ነሐሴ ባለቀ ቁጥር ዌንደል ፕራተርን ሆድ ይብሰዋል። ከሰኔ ጀምሮ የከበሮና የጥሩምባ ጓዶች የሚባሉት የወጣቶች ሰልፈኛ ባንዶች ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሲወዳደሩ እሱም በአሮጌ መኪናው ይከተላቸዋል። የመጨረሻው ውድድር ሲያበቃ ሚልዋኪ ወዳለው ቤቱ ይመለስና እስከሚቀጥለው ሰኔ በሩን ዘግቶ ይከርማል። የሚጎበኘው የወጣትነት ጓደኛው ኖርበርት ዶምቤክ ብቻ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ምድር ቤት ተቀምጠው የድሮ ውድድሮችን ቅጂ ያዳምጣሉ፤ በአንዲት የዘገየች ምት ተጨቃጭቀው ሳይነጋገሩ የሚለያዩበት ቀን አለ።

ድሮ ሁለቱም «የሐይቅ ዳር ዘበኞች» በሚባለው ጓድ ውስጥ ነበሩ። ኖርበርት ጥሩምባ ይነፋል፤ ዌንደል ከወገብ ከፍ ብሎ የሚታሰረውን ትንሹን ከበሮ ይመታል። በዚያ ዘመን ዳኞች በሰልፈኞቹ መሃል እየተሽሎከሎኩ እያንዳንዷን ስህተት በእርሳስ ያሰፍሩ ነበር። ሁሉም ጓድ ሙሉ ነጥብ ይዞ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ያለው መውረድ ብቻ ነው። የዌንደል ጆሮ የተገራው በዚህ ነው። በጓድ ደግሞ ዕድሜው ሃያ ሁለት የሞላ ሰው አይሰለፍም። ዌንደል የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ሲደርስ «ዘበኞቹ» አውቶቡስ የሚከራዩበት ገንዘብ አጥተው ተበተኑ። ስለዚያ ስለቀረበት ዓመት ለማንም አውርቶ አያውቅም፤ ኖርበርት ግን ሳይነገረው ያውቃል።

ልጁ ዛሪያም የምትመታው ያንኑ ትንሹን ከበሮ ነው። ሟች እናቷ በተማረችበት በሉዊዚያናው የጥቁሮች ኮሌጅ በሴንት ኦባን ገብታ በማርሽ ባንዱ ስትሰለፍ ሦስት ዓመቷ ቢሆንም አባቷ አንድ ቀንም ሄዶ አላያትም። ቅዳሜ ሥራ አለብኝ ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ የኮሌጅ ባንድ በኳስ ጨዋታ እረፍት ላይ ሰው ለውዝ ሊገዛ ሲወጣ የሚጫወት ነገር ነው ብሎ ያምን ነበር።

ዘንድሮ ሁለት ነገር ተደራርቦ መጣ። ከታላላቆቹ ጓዶች አንዱ ዛሪያን ፈትኖ ለመጪው ሰኔ ተቀበላት፤ ዕድሜዋ የሚፈቅድላት የመጨረሻው ዓመት ነው። በዚያው ሰሞን የኮሌጁ ከበሮ መቺዎች ለከርሞ አለቃችን አንቺ ነሽ አሏት። አለቃ የሆነ ሰው ደግሞ የሙቀቱን ወራት የሚያሳልፈው አዲሶቹን ሲያሠለጥን ነው። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ አይቻልም፤ ጓዱም መልሷን እስከ እሑድ ይፈልጋል።

«አባዬ፣ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ» አለችው በስልክ። «ግን ሳታይ አትበለኝ። ቅዳሜ ኳሱ ከቴልፌር ኮሌጅ ጋር ነው። ና።»

ዌንደል ኖርበርትን አሳፍሮ ተነሳ። ሐሳቡ አንድ ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ልጁን ለብቻዋ ወስዶ «እሺ በያቸው» ሊላት።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለ ኖርበርት የሚሲሲፒን ጥድ እየሰነጠቁ ሲሄዱ። «ይሄን ሁሉ አገር የምናቋርጠው ለእረፍት ሰዓት ሙዚቃ ነው?»

«አንተ ደግሞ ምኑን አቋረጥክ? ከኢሊኖይ ጀምረህ ስታንኮራፋ ነው የመጣኸው።»

«ዓይኔን ጨፍኜ እያሰብኩ ነበር።»

«አፍህን ከፍተህ ነው የምታስበው?»

ኖርበርት ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «ዌንደል፣ ልጅቷ ራሷ ምንድነው የምትፈልገው?» አለ።

«እንዳያመልጣት ነው። በኋላ ቢፈልጉት የማይገኝ ነገር ነው።»

«እሱ አንተ የምትፈልገው ነው። እኔ የጠየቅኩህ ስለ እሷ ነው።»

ዌንደል ሬዲዮ ከፈተ።

ከስታዲየሙ ውጭ ያለው ሜዳ ከጠዋት ጀምሮ በመኪናና በጭስ ተሞልቷል። የሟች ሚስቱ ታላቅ እህት ክሎቲል የኮሌጁን ወይን ጠጅ ሹራብ ለብሳ፣ በላዩ ሽርጥ ታጥቃ፣ አምባዛ እየጠበሰች አገኟት። ዌንደልን ስታይ ማንኪያውን እንደ ሰይፍ ቀሰረችበት።

«ዌንደል ፕራተር! በእግርህ ነው እንዴ የመጣኸው? ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ነበርክ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ክሎቲል።»

«ውሸታም! ይሄ ነጩ ደግሞ ማነው?»

«ኖርበርት እባላለሁ፣ እመቤት።»

«እመቤት አለኝ! ሰማህ? በሥርዓት ያደገ ሰው እንዲህ ነው። ና አንተ፣ አንተ ቀድመህ ብላ፤ እሱ ይጠብቅ።» ሩዝ የተጠቀጠቀበት ቋሊማና ትኩስ አምባዛ በወረቀት ሳህን ቆልላ ሰጠችው። «አሁኑኑ ሆዳችሁን ሙሉ። ሽንት ቤት የሚኬደው ሁለተኛው ሩብ ላይ ነው። እረፍት ሲደርስ ግን ከወንበሩ የሚነሳ ሰው እኛ ጋ የለም።»

«ኳሱስ?» አለ ኖርበርት አፉን ሞልቶ።

«ኳሱማ ባንዱ እስኪወጣ ሰው እንዳይደብረው የሚጫወቱት ነው።»

የቀለደች መስሏቸው ነበር። እውነትም ከጨዋታው አራት ሩቦች በሁለተኛው ላይ፣ ሜዳው መሃል ተጫዋቾቹ እየተላተሙ ሕዝቡ ወደ ሽንት ቤትና ወደ ምግብ መሸጫው ጎረፈ። እረፍት ሊሆን ሲል ደግሞ ሁሉም እየተሯሯጠ ተመለሰና ደረጃው ላይ እንኳ መቆሚያ ጠፋ። ዌንደል በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

እንግዶቹ ቴልፌሮች ቀድመው ተጫወቱ። ከዚያ ሴንት ኦባን ገባ። ጉልበታቸውን እስከ ደረታቸው እያነሱ ነው የሚረግጡት፤ ቱባ የተሸከሙት ያንን ሁሉ ነሐስ እንደ ገለባ ባርኔጣ ወዲህ ወዲያ ያወዛውዙታል። ሜዳው መሃል ሲደርሱ ሰልፉን በተኑና መሣሪያቸውን እንደያዙ ጨፈሩ። ሕዝቡም አብሯቸው ጨፈረ።

ዌንደል እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ጆሮው የለመደውን ይሠራል። በግራ በኩል ያሉት ጥሩምባዎች ዘገዩ። ሦስተኛው ረድፍ ጎበጠ። አንዱ ልጅ የባርኔጣው ማሰሪያ ተፈትቷል። ከፊቱ የተቀመጠች፣ ጆሮዋ ላይ ትልልቅ ወርቅ ያንጠለጠለች ሴት ዞር ብላ አየችው።

«ወንድሜ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ውሃ ላምጣልህ?»

«እያዳመጠ ነው» አለላት ኖርበርት። እሱ ራሱ ግን ትከሻው መላላት ጀምሮ ነበር፤ ወዲያው ክሎቲል እጁን ይዛ ብድግ አደረገችው። የሚልዋኪው ሽማግሌ ሆዱን ይዞ ሲወዛወዝ ሦስት ረድፍ ሙሉ አጨበጨበለት።

«ከዳተኛ» አለው ዌንደል ሲቀመጥ።

«ጥሩምባዎቹ ዘግይተዋል፣ አውቃለሁ» አለ ኖርበርት እያለከለከ። «እግሬ ግን አልሰማም።»

ከበሮዎቹ ላይ ዌንደል የሚያወጣው እንከን አላገኘም። ንጹህ ነበሩ። ዛሪያ ከረድፉ ጫፍ ላይ፣ ባርኔጣዋ ላይ ነጭ ላባ ሰክታ፣ እጇ ከእጅ አንጓዋ በታች ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስትመታ አያት። ትንሽ ልጅ ሳለች ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲያስተምራት እንዲህ አልነበረችም። ኩራቱ ሐሳቡን ይበልጥ አጠነከረው። እንዲህ ያለ እጅ እዚህ ጭፈራ መሃል ይቅር? ማታውኑ እነግራታለሁ አለ።

ኳሱን ሴንት ኦባን ክፉኛ ተሸነፈ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ዌንደል ጃኬቱን ይዞ ተነሳ። ሌላ የተነሳ ሰው ግን አልነበረም።

«ወዴት ነው?» አለችው ክሎቲል።

«አለቀ እኮ።»

«ማነው አለቀ ያለህ? ገና አምስተኛው ሩብ አለ። ቁጭ በል፣ አታሳፍረኝ።»

ተጫዋቾቹ ራሳቸው ወደ መልበሻ ክፍል አልሄዱም፤ የራስ ቁራቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ተቀመጡና ቀና ብለው ማየት ጀመሩ። ሁለቱ ባንዶች ከወንበራቸው ተነስተው በሜዳው ማዶና ማዶ ተፋጠዋል። ክሎቲል ጎንበስ ብላ ለኖርበርት ሕጉን ነገረችው፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ዝም ይላል፣ በሰው ላይ ደርቦ የሚጫወት ባንድ ለዓመት መሳቂያ ነው። የተጫወትከውን አትደግምም። መልስ ያጣ ተሸነፈ።

«ዳኛውስ?» አለ ዌንደል።

«ዳኛ?» ክሎቲል በስታዲየሙ ሁሉ ላይ እጇን ዘረጋች። «ይኸው።»

ቴልፌር ነፋ፤ ሴንት ኦባን መለሰ። ቴልፌር ዝግ ያለ የመዝሙር ዜማ አመጣ፤ ሴንት ኦባን ያንኑ መንፈስ ይዞ ከፍ አድርጎ መለሰና አንዲት አሮጊት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ አለቀሰች። ዌንደል ጃኬቱን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ከዚያ ጥሩምባዎቹ ዝም አሉ፤ ሕዝቡም ወደ ሜዳው አጥር መገፋፋት ጀመረ፤ ዌንደልና ኖርበርትም አብረው ወረዱ። የሁለቱም ወገን ከበሮ መቺዎች በሜዳው ዙሪያ ወዳለው የሩጫ መም እየወረዱ ነበር።

ፊት ለፊት ተሰለፉ። በመካከላቸው አንዲት ነጭ መስመር አለች፤ ማንም አይረግጣትም። በዚህ ጨዋታ የሴንት ኦባንን መልስ የሚመራው የዘንድሮው አለቃ አይደለም፤ ለከርሞ የተመረጠው ነው። ልማዳቸው ነው፣ የመረጡትን ሰው ሕዝብ ፊት የሚያዩት እዚህ ነው። ዛሪያ ከረድፏ ጫፍ ወጥታ መሃል ቆመች።

«ሴት ነው እንዴ የላካችሁት?» ሲል አንዱ ከቴልፌር በኩል ጮኸ።

«እናትህም ሴት ናት!» አለችው የወርቅ ጉትቻዋ ሴት። «ዛሬ ደግሞ አዲስ እናት ታገኛለህ!»

የቴልፌር አለቃ እንደ ስልክ እንጨት የረዘመ ልጅ ነው። ጀመረ፤ እውነትም ችሎታ ነበረው። በመሃሉ በትሩን ወደ ሰማይ ወርውሮ፣ ሳያይ ቀልቦ፣ ዛሪያ አፍንጫ ሥር ቀሰረው። ቴልፌር በሙሉ አበደ።

ዛሪያ መለሰች። ዌንደል አገጩን አጥሩ ላይ አስደግፎ ያዳምጣል። ንጹህ። ንጹህ። ፍጥነቷን ጨመረች፣ አሁንም ንጹህ፤ ከዚያ የቀኝ እጇ በትር የከበሮውን ጠርዝ ነካና ከጣቷ አመለጠ። አየር ላይ ተሽከረከረና ነጩን መስመር ተሻግሮ የረጅሙ ልጅ እግር ሥር ወደቀ።

«ኦሆሆሆ!» አለ የማዶው ሕዝብ ባንድ አፍ። «ስጦታ ነው? ስጦታ ነው እንዴ?»

በዌንደል ዘመን እንዲህ ሲሆን ዳኛው አጠገብህ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ የእርሳሱ ድምፅ ይሰማል። በትር የጣለ ልጅ እስከ ዓመት ድረስ ስሙ እሱ ነው። ግን መድኃኒቱም ይታወቃል፤ ከከበሮው ጎን ካለችው ከረጢት ሌላ በትር መዝዘህ፣ ፊትህን ሳትለውጥ፣ ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላለህ።

«አውጪ» አለ ከንፈሩን እየነከሰ። «ሌላውን አውጪው። አውጪ በናትሽ።»

ዛሪያ ወደ ከረጢቷ አላየችም። ባዶ የቀረውን ቀኝ እጇን ወደ ኋላ ወስዳ ወገቧ ላይ አሳረፈችው፤ በግራዋ ብቻ ቀጠለች።

መጀመሪያ ሕዝቡ ይስቅ ነበር። አንድ እጅ የሁለቱን ያህል ሊሮጥ አይችልም። እሷ ግን መሮጡን ትታው ነበር፤ የከበሮውን ቆዳ፣ ጠርዙን፣ የብረት ጎኑን እየቀያየረች ትመታና በየመሃሉ ክፍተት ትተዋለች። ከኋላዋ ያሉት የትልልቁ ከበሮ ልጆች ነገሩ ገባቸው፤ አንደኛው ክፍተቱን በአንዲት ከባድ ምት ሞላው፣ ሁለተኛው ቀጣዩን። ማንም አላዘዛቸውም። ከዚያ የእሷ ረድፍ በሙሉ አንድ በአንድ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ሳቁ ቀረ። ያን ሁሉ ሕዝብ የያዘ ስታዲየም ዝም ብሎ አንድ እጅ ያዳምጥ ጀመር።

ስትጨርስ በአገጯ ወደ ረጅሙ ልጅ ጠቆመችው፤ ተራህ ነው።

ልጁ እግሩ ሥር የወደቀውን በትር አየ። ሁለቱንም እጆቹን አየ። ለአንድ እጅ በሁለት እጅ መመለስ እንዴት እንደሚታይ የገባው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ቀስ ብሎ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «አዎ! ወንድ ነህ!» ሲሉ የሴንት ኦባን ሰዎች ሳይቀሩ ጮሁለት። በደንብ ጀመረ፤ ግን መሮጥ የለመደ ልጅ ነው፣ በአንድ እጁም ሊሮጥ ፈለገ። የሱ ትልልቅ ከበሮዎች ደግሞ ምን እንደሚጠበቅባቸው ሳያውቁ ቆመው ያዩታል። መሃል ላይ ተደናቀፈና ራሱ ሳቀ። መምታቱን ትቶ ጎንበስ አለና የዛሪያን በትር አነሳ። በእጅጌው ጠርጎ፣ በሁለት እጁ፣ መስመሯን ሳይረግጥ ዘረጋላት።

የቴልፌር ወገንም ተነስቶ ያጨበጭብ ነበር።

ዌንደል ራሱን ያገኘው ከአጥሩ አጠገብ ያለ የእንጨት ወንበር ላይ ቆሞ ነው። ኮፍያው የለም። ድምፁም የለም፤ ምን ሲል እንደነበረ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው።

«የእኔ ልጅ ናት!» አለ እንደገና፣ በተሰነጠቀ ጉሮሮ።

«ገባን፣ ወንድሜ፣ ገባን!» አለችው የወርቅ ጉትቻዋ ሴት። «አገር ሰማህ! ውረድ፣ ትወድቃለህ!»

«ተዪው» አለ ኖርበርት። ዓይኑን በሹራቡ እየጠረገ ነበር። «አርባ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ነው የኖረው።»

የባንዱ አውቶቡሶች ከቆሙበት ሲደርሱ ፀሐይ ከጥዱ በታች ወርዳለች። ዛሪያ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ፣ ባርኔጣዋን ብብቷ ሥር ይዛ መጣች። ክሎቲል ጨምቃ ሳመቻት፤ ኖርበርት «አንቺ ጋኔን!» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ከዚያ ሁለቱ እንደ ተመካከሩ ሁሉ ወደ ምግቡ ፈቀቅ አሉ።

ዌንደል መኪና ውስጥ ያዘጋጀውን ንግግር ፈልጎ አጣው። የመጣለት ሌላ ነው።

«ለምን ሌላ በትር አላወጣሽም?»

ዛሪያ ሳቀች። «ይሄን እንደምትጠይቀኝ አውቅ ነበር! እንጃ አባዬ። ልጁ በትሬን እያየ ጥርሱን ሲያወጣ አናደደኝ። ከዚያ በኋላ እጄ ነው ያሰበው።»

«እኛ ጋ ቢሆን ነጥብ ይቀንሱብሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም እቀንስ ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ሳቋ ጠፋና ባርኔጣዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ጓዱን አልናቅኩትም እኮ። ያ ዓይነት ጥራት እዚህ የለም። ስፈተን የነበሩትን ልጆች ብታያቸው! ለዚህ ነው ያቃተኝ። ምን ልበላቸው?»

ዌንደል ወደ ሜዳው አየ። «እሺ በያቸው» ለማለት ያን ያህል መንገድ ነድቷል፤ አሁንም ቢላት እንደምትሰማው ያውቃል። ያ የቀረበት ዓመት መጥቶ አጠገቡ ቆመ፤ ያልተሳፈረበት አውቶቡስ፣ ያልለበሰው ዩኒፎርም። በልጁ እጅ ሊያስመልሰው ፈልጎ እንደነበረ ከዚህ በፊት ለራሱም ብሎት አያውቅም።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እዚህ መቅረት» አለች ወዲያው። አፏ ውስጥ ይዛው የኖረች ትመስል ነበር። «የእነዚህ አለቃ መሆን ነው የምፈልገው። እነዚያ ትልልቅ ከበሮዎች ምን እንዳደረጉልኝ አየህ አይደል? ሳልጠራቸው ነው የመጡልኝ።»

«አየሁ። እንግዲያው ለምን እሑድን ትጠብቂያለሽ? አሁን ደውዪላቸው። ሌላ ልጅ ቦታውን ይጠብቅ ይሆናል።»

ፊቱን አጥንታ አየችው። «አዝነሃል አይደል?»

«አዝኛለሁ» አለ። «አልዋሽሽም። ኩራቱ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል።»

እዚያው ቆማ ደወለች። በትሕትና አመስግና፣ አልመጣም ብላ፣ ምክንያቷን በአጭሩ ተናገረች። ዌንደል አጠገቧ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። ስልኩን ስትዘጋ ግንባሯን ሳማት፤ ላቧ ጨው ጨው ይል ነበር።

ማዶ ክሎቲልና ኖርበርት ይከራከራሉ።

«የሚመጣው ቅዳሜ የት ነው?» ይላል ኖርበርት።

«አላባማ። ሩቅ ነው፣ ወገብህን ያምሃል።»

«ወገቤ ከኢሊኖይ ጀምሮ እንቅልፍ ላይ ነበር፣ ምንም አልሆነም። ዌንደል! ሚልዋኪ ምን ጥለናል?»

«ምንም!» አለ ዌንደል በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ።

ከአውቶቡሶቹ መካከል ከበሮ ተመታ። ባንዱ ወደ ኮሌጁ ከመመለሱ በፊት ወላጆችና የድሮ ተማሪዎች ከግራና ከቀኝ ተሰልፈው በመሃላቸው ያሳልፉታል። ዛሪያ «ያዝልኝ!» ብላ ባርኔጣውን እጁ ላይ ጣለችና ሮጠች፤ ከበሮ መቺዎቹ መሃሉን ለቀውላት ቆመው ነበር።

ዌንደል ባርኔጣውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቀፈው። አጠገቡ የቆመ፣ የድሮ ወይን ጠጅ ጃኬት የለበሰ ሽማግሌ በትዝብት አየው።

«ላባውን ወደ ላይ እንጂ፣ የልጅቷ አባት! ዶሮ አስመሰልከው እኮ!»

ዌንደል ላባውን ቀና አደረገው። ከዚያ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ይዞ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ተሰለፈ።